የግራዝማች ጥርስ የነጣ ዕለት

ግራዝማች ሐብተ ማርያም ሞተው ሲገኙ ወርቅ ጥርሳቸው ብር ሆኖ ነበር።

ያን ጥርስ የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ጣልያን በወጣ ማግስት አሥመራ ድረስ ሄደው ያስተከሉት ነው። ሰው ሰላም ሲሉ ፀሐይ እንዲያገኘው ከንፈራቸውን ወደ ቀኝ ሸሸት ያደርጉታል፤ ሲስቁማ ጭራሽ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞራሉ። እና የሐምሌ ዝናብ ጋብ ባለ አንድ ጧት፣ የጓሮ ቤታቸው በር ተሰብሮ ሲገባ፣ ግራዝማች ከከሰል ማንደጃው አጠገብ በጀርባቸው ተንጋለው፣ አፋቸውን ከፍተው ተገኙ። ጥርሱ አልተሰበረም፣ አልወለቀም። ነጥቷል።

እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጎረቤት ነና። ጩኸት ሲሰማ ከሁሉ ቀድሜ የምደርሰው እኔ አምሳል ነኝ፤ ስንት ጊዜ የተገረፍኩበት ጠባይ ነው።

ጥግ ላይ የሚያድሩት ዶሮዎች ከቆጡ ወርደው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተዋል። ወለሉ ላይ የብር ዶቃ የመሰለ ነገር ተበትኗል። ሰው በረገጠ ቁጥር ዶቃዎቹ ይንቀጠቀጡና አንዱ ሮጦ ከሌላው ሆድ ይገባል። ሁለት የነበረው አንድ ይሆናል። ከዚያ ዝም ይላል፣ የሚያዳምጥ ይመስል።

"ባዜቃ ነው፣ ያ ፈሳሽ ብረት፣ አትንኩት" አለ አባቴ ከኋላዬ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ዝም ቢል ይሻለው ነበር።

አባቴ አለበል ብር ሠሪ ነው። ጉትቻ ይሠራል፣ መስቀል ይሠራል፣ የብሩን መስቀል በባዜቃና በወርቅ ይለብጣል። ሰፈራችን መስቀሉን ይሳለማል፣ የሠራውን እጅ ግን ይፈራል። እሳት ላይ ብረት የሚያቀልጥ ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል ይላሉ። እኔንም "የቡዳ ልጅ" ሲሉኝ፣ "አንተን ግን አልበላህም፣ ሥጋህ ይጎመዝዛል" እላለሁ፣ ይሮጣሉ። ያን ዕለት የሚሮጥ አልነበረም።

"ግራዝማች ባዜቃን ወርቅ አደርጋለሁ ብለው አልነበር?" አለ አንዱ። ይኼ ምስጢር ነበር፤ ምስጢር ስለሆነም ሁሉም ያውቀዋል። "እሱን ወርቅ ላድርግ ሲሉ ሰይጣኑ የገዛ ወርቃቸውን ብር አደረገባቸው።"

"ሰይጣኑን ማን ላከው?" አለ ሌላው፣ ዓይኑን ከአባቴ ሳይነቅል።

ከማንደጃው ሥር አንድ ቀንድ ወድቋል። ባዜቃ መያዣ ነው፣ አፉ በቆዳ የሚዘጋ። ታቹ ላይ መስቀለኛ ጭረት አለበት። የአባቴ ምልክት ነበር።

*

ኢንስፔክተር ክንዴ የጭልጋ ሰው ነው። ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ የካፖርቱን የነሐስ ቁልፎች ደግሞ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው በየጧቱ ይወለውላቸዋል። ሲገባ ሰው መንገድ ለቀቀለት። ጥርሱን አየ፣ ዶሮዎቹን አየ፣ ከዚያ ተንበርክኮ አንዷን ዶቃ በጣቱ ሊይዝ ሞከረ። አመለጠችው። ደግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ትቶ ተነሣና የካፖርቱን የላይኛ ቁልፍ ቆለፈ፤ የበረደው ይመስላል።

"ይኼ ቀንድ የማን ነው?"

"የእኔ" አለ አባቴ።

"እዚህ ምን ይሠራል?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ከሥራ ቤቴ ነው የጠፋው።"

"ለግራዝማች ሸጥህላቸው?"

"ለምነውኝ ነበር። እንቢ አልኩ።"

"ምነው?"

አባቴ ዓይኑን ወደ ማንደጃው መለሰ። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ የእጁን ጥበብ ለባዳ እንዳይናገር በወንጌል አስምለውታል። ለእናቴ እንኳ ሳይነግራት ነው የሞተችው። እኔ የማውቀው ከሰል ተሸክሜ ስለምከተለው ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ግራዝማች ሰው እንዳያያቸው ብለው መስኮቱ ላይ ከውስጥ ቁርበት ጋርደው ነበር። ቁርበቱን ገለጠው። ከኋላው ብርሃን መኖር ነበረበት። የነበረው ግን እበት ነው።

ዞረን በጓሮ በኩል ሄድን፤ እኔን ማንም አልጠራኝም። መስኮቱ ከውጭ በጭቃና በእበት ተመርጓል፣ ገና እርጥብ ነው።

"አንቺ፣ ቤት መርገሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ቤት የማትመርግ ሴት አለች ጌታዬ?"

"ይኼ የሴት ምርግ ነው?"

ሳላስበው ሳቅሁ። ሴት ስትመርግ መዳፏን አዙራ ነው የምታለሰልሰው። ይኼኛው በቡጢ የተደበደበ ነው፤ ገበሬ ቀፎ ሲደፍን እንዲህ ያደርጋል። "ይኼን ሴት መርጋው ከሆነ እናቷ አፍራ ከአገር ትሰደዳለች" አልኩት።

እሱ አልሳቀም። በጭቃው ላይ ከጣቶቹ ፋና በአንዱ ሥር ቀለበት ታትሟል፣ መሐሉ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ጉብታ ያለው ቀለበት።

"አባቴ ቀለበት አያደርግም" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ቀለበት ይወልቃል" አለ።

በደጅ በኩል ሕዝቡ ድንጋይ ማንሣት ጀምሮ ነበር። አባቴን ፖሊስ ባይወስደው ያኔውኑ ባለቀለት። ቢወስደውም ግን፣ አንድ ወታደር ሲሄድ በጆሮዬ ሹክ እንዳለኝ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው መጨረሻው ገመድ ነው።

*

እስረኛን የሚያበላው ቤተ ዘመዱ ነው። አገልግሉን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ዘበኛው ፊቱ ያስቀምስሻል፣ ካልሞትሽ ያስገባልሻል። አገልግሉ ባዶ እስኪመለስ ደግሞ ጣልያን በሠራው ጣቢያ መስኮት ሥር ትቀመጫለሽ። መስኮቱ አይገጥምም። ጥፋቱ የአናጢው ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

መጀመሪያ እኔኑ ጠሩኝ።

"ሰሞኑን አባትሽ ሥራ ቤት ማን ገባ?"

"ወይዘሮ እንኳየሁ ጉትቻ ሊያሠሩ። ደብተራ ወልደኢየሱስ ወሬ ሊያወሩ። አያ ዳኛው የግራዝማች ወንድም የሰበካው መስቀል ሊጠይቅ።"

"ዳኛው ከመስቀሉ ጋር ምን አገናኘው?"

"ለሰበካው የሚያስለብጠው እሱ ነው። ጥር ላይም ሲለበጥ አብሮን ጉብታው ላይ ወጥቶ ነበር። ጭሱ ሊመታው ሲል አባቴ ክንዱን ይዞ ከነፋሱ ወዲህ ሳበው።"

"ምነው ሳበው?"

"እንዲያ ነው የሚሠራው። ቤት ውስጥ አይለበጥም። ሁልጊዜ ውጭ፣ ሁልጊዜ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ።" ምላሴን ነከስኩ። የማለው አባቴ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ቢሆንም።

ቀጥሎ ወይዘሮ እንኳየሁ ገቡ፣ የግራዝማች ሚስት። ጥቁር ለብሰዋል፣ ድምፃቸው ግን አልለቀሰም።

"ጉትቻዬ ጠፋ፣ ሠራተኛዪቱን አባረርኩ። ምስኪን፣ እሷ አልነበረችም መሰለኝ።"

"ከቤት ሌላ ወርቅ አለ?"

"የአማቴ ነበር። ድሪው፣ ወለባው፣ አምባሩ። ለዘር ነው እያሉ አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ከተቱት።"

"ለዘር?"

"ወርቅ እንደ ጤፍ ይዘራል ብሎ ያ ደብተራ አሳምኗቸዋል። ለዳኛው ከደረሰው ቀለበት በቀር ከሴትዮዋ የተረፈ የለም።"

"ከባልዎ ጋር ጠብ ነበር?"

"ያን ጥርስ ነቅዬ ባቀልጠው ደስታዬ ነበር። ይጻፉት። እኔ ግን ቤት መርጌ አላውቅም፣ ሰው ነው የሚመርግልኝ።"

ከዚያ ደብተራ ወልደኢየሱስ ገባ። ግእዝ እየጠቀሰ ነው የገባው።

"ባዜቃ ወርቅ ይሆናል?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"በጸሎትና በሰሎሞን ማኅተም፣ ጌታዬ።"

"በጉትቻስ?"

የደብተራው ቦርሳ ሲገለበጥ ሰማሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ጠረጴዛው ላይ ቅጭል አለች። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቄ አየኋት፤ የወይዘሮ እንኳየሁ ጉትቻ ማንጠልጠያ ነበረች።

"እውነቱን ልናገር" አለ ደብተራው፤ ግእዙ ጠፋ። "ባዜቃ ወርቅ ይበላል። ፍቄ ጨምሬ ሳማስለው ውጦት ቁጭ ይላል፣ ወርቅ ያለበት አይመስልም። እሳት ላይ ሲጣድ ባዜቃው በኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ግራዝማች ተወለደ ብለው እልል ይላሉ። ከገዛ ቤታቸው ወርቅ ነው የማዋልድላቸው።"

"ሊነቁብህ ሲሉ ገደልካቸው።"

"የማልባትን ላም አርዳለሁ? ለዚህ ነገር የደምቢያውን ርስት ሊሸጡ ነበር እኮ፤ ለእኔ ገና ሠርጌ ነው። መስኮቱን ደግሞ እንዳይዘጉ ሁልጊዜ እለምናቸው ነበር። ጭሱ የሚገባው ወደ እኔም ሳንባ ነው። ያን ለት ግን ማሕሌት ላይ ነበርኩ፣ ካህናቱ ይመስክሩ።"

ካህናቱ መሰከሩ። ከድምፁ ብዛት የተነሣ ሊረሱት አልቻሉም።

የሆስፒታሉ ሐኪምም ቃሉን ላከ። በተደፈነ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስና የባዜቃ እንፋሎት ተባብረው ገድለዋቸዋል። ጥርሱ ስለምን እንደነጣ ግን አልጠየቁትም፣ ወይም ጠይቀውት ዝም ብሏል። ሰፈሩ ዝም አላለም። የግራዝማች ነፍስ ጥርሷን ፍለጋ በየቤቱ ትዞራለች ተባለ። ሴቶች የወርቅ ጉትቻቸውን አውልቀው ሸሸጉ፤ በማግስቱ ሲያወጡት እንዳልነጣ በፀሐይ እያገላበጡ ያያሉ። እኔም ብቻዬን ስተኛ ጥርሴን በምላሴ እቆጥር ነበር። ወርቅ ጥርስ የለኝም።

*

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ዳኛው ከሁሉ በላይ አለቀሰ። ሰፊ ትከሻ ያለው ገበሬ ነው፣ ደምቢያ ቆላ ድባ የወንድሙን ርስት የሚያርስ። ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልሏል። ኢንስፔክተሩ ነፍስ ይማር ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ ውኃ አዳይ ነበርኩ፤ ውኃ አዳይ ሁሉ ቦታ ይደርሳል።

"መቼ መጣህ?"

"መርዶው እንደደረሰኝ ጌታዬ። ዛሬ ከቆላ ድባ በበቅሎ።"

"እጅህን ምን ነካህ?"

"በቅሎዬ ነከሰችኝ።"

"ክፉ ናት?"

"ሰው ትለያለች።"

ኢንስፔክተሩ ወጥቶ በቅሎዋን ሄዶ ዳበሳት። እሷ ደግሞ እጅጌውን ላሰችው፤ የሚነክስ ጥርስ ያላት አይመስልም። ጎንበስ ብሎ እግሯን አነሣ፣ ሰኮናዋን አየ።

"እኔ ወደ ጭልጋ ስሄድ በደምቢያ ነው የማልፈው" አለ ሲመለስ። "በሐምሌ ያ ዋልካ ማኪና ይውጣል። በቅሎህ ግን የዛሬ መንገደኛ ሳትሆን የሰነበተች እንግዳ ትመስላለች፣ ጉልበቷ ላይ ጥቁር ጭቃ የለም።"

"አጠብኳት።"

"የወንድምህን መርዶ በሰማህበት ቀን?"

ዳኛው የተጠቀለለ እጁን ከጋቢው ሥር ከተተ። "እጅህን ሐኪም አሳየው" አለው ኢንስፔክተሩና ሄደ። ለምን እንዳልያዘው አልገባኝም፤ ተናድጄ ውኃውን በአንድ ሽማግሌ እግር ላይ አፈሰስኩት።

*

በማግስቱ አገልግል ይዤ ስደርስ ዘበኞቹ ግቢው መሐል ተሰብስበዋል። ኢንስፔክተሩ በር ላይ ብቻውን ቆሟል። ማንም አይጠጋውም።

የካፖርቱ የላይኛ ቁልፍ ነጥቶ ነበር።

ታች ያሉት ቁልፎች ቢጫ ናቸው፣ እንደ ወትሮው ይስቃሉ። እሷ ብቻዋን የግራዝማችን ጥርስ መስላለች። ኢንስፔክተሩ ፊቱ ራሱ ገርጥቷል፤ የጭልጋ ሰው ነው፣ ቢፈራም አይናገርም።

"ጌታዬ፣ ቁልፍዎን ሰይጣን ሳማት?" አልኩት። ከፍርሃቴ ብዛት ነው እንዲያ ያልኩት።

ጣቱን አየ። ያን ዶቃውን ሊይዝ የሞከረበትን፣ ከዚያም ቁልፏን የቆለፈበትን ጣት። ከዚያ ቁልፏን በጥሶ ነቀላት፣ ዘበኞቹ ጥለውት ወደሸሹት ከሰል ሄደ፣ በጉጠት ይዞ እሳቱ ላይ አደረጋት። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጠ። የነገርኩትን አልረሳም። ጥቂት ቆይቶ ቁልፏ ቢጫ ሆና ተመለሰች፣ ትንሽ ብትጠቁርም።

"ማን አየ?" አለ።

"እኔ።"

"ዝም በይ።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ነገ።"

"ነገ ሩቅ ነው ጌታዬ።"

"ለአባትሽ ስትይ።"

እሺ አልኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። እንዴት እንደሚያም ማንም አልነገረኝም ነበር።

*

ከሰፈራችን በላይ ያለው ጉብታ አባቴ መስቀል የሚለብጥበት ነው። ዛፍ የለውም፣ ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ኢንስፔክተሩ አባቴን ከእስር አወጣው፣ ማንደጃና ወናፍ አስቀረበለት። ወይዘሮ እንኳየሁ፣ ደብተራው፣ ዳኛውና ካህናቱ ተጠሩ። ያልተጠራው ሰፈር ሁሉም መጣ። ከታች ደመና ከሸለቆው እየወጣ ነበር፤ ሰዎቹ በግማሽ አካላቸው ጉም ውስጥ ቆመዋል።

"ዳኛው፣ እጅህን ፍታ።"

"ቁስል ነው ጌታዬ።"

ኢንስፔክተሩ ራሱ ፈታው። ቁስል የለም። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ፣ መሐሉ ጉብ ያለ፣ ነጭ።

"የመስኮቱ ቀለበት" አልኩ ለራሴ።

"ያ የአማቴ ቀለበት አይደለም?" አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ ጠጋ ብለው፤ ደግሞ አፈገፈጉ። "የሷ ወርቅ ነበር።"

"የእናቴ ጠፍቶብኛል" አለ ዳኛው። "ይኼ ብር ነው። ዓይን የለሽም?"

"ብር ከሆነ ብር ሠሪው ይነግረናል" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ቀለበቱንም ለአባቴ ሰጠው።

አባቴ በመዳፉ አገላበጠው። እኔን ገፍቶ ወናፉ ጋ አስቀመጠኝ፣ ቀለበቱን በጉጠት ይዞ ከሰሉ ላይ አደረገው። እኔ ነፋሁ። ነፋሱ የማይታየውን እንፋሎት ወደ ሸለቆው ወሰደው።

ድንገት ነፋሱ ዞረ።

አባቴ ቀና አለ። ዳኛው በእንፋሎቱ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ቀለበቱን እንደ ታሰረ ሰው እያየ። አባቴ ጉጠቱን ሳይለቅ በሌላ እጁ ክንዱን ያዘው።

"ከነፋሱ ወዲህ፣ ወንድሜ" አለና ሳበው።

ጥር ላይ ያለውን ራሱን ነው ያለው። ወደ ገመድ ለሰደደው ሰው። ዳኛው አባቴን አየው፣ ከዚያ እሳቱን። ቀለበቱ ከጠርዙ ጀምሮ ይቀላ ጀመር። ነጩ እንደ ጉም ገፈፍ አለ፣ ከሥሩ ወርቅ ወጣ። ካህናቱ አማተቡ። ከሕዝቡ አንዲት ሴት ተንበረከከች።

ዳኛውም ተንበረከከ።

"ይቅር አለችኝ" አለ። "እናቴ ይቅር አለችኝ። ያን ለት ከአያ አለበል የሰረቅኩትን ቀንድ ይዤለት ስገባ ባዜቃው ጠብ ብሎብኝ ቀለበቱ ጣቴ ላይ ነጣ። ረገመችኝ ብዬ ነበር። ልጥለው ብዬ አልቻልኩም፣ ከሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።"

"ቀንዱን አንተ ሰጠኸው" አለ ኢንስፔክተሩ በቀስታ።

"ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጣደው አልኩት። ሳቀልኝ፣ በዚያ ጥርሱ። በሩን ከውስጥ ዘጋ፣ እኔ በጓሮ ዞሬ መስኮቱን መረግኩ።" እጁን አየው። "ድሪዋን አቀለጠ፣ አምባሯን አቀለጠ። እናታችንን ከሰል ላይ ጨረሳት። መሬቱን ሊሸጥ፣ ቀለበቱንም ስጠኝ አለኝ።"

"ሌላ ሰው ሊሰቀልልህ ነበር።"

ዳኛው ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ቀለበቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ በለስላሳ ድንጋይ እያሸው ነው፤ ባሸው ቁጥር ያበራል። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። የጠየቀው ሌላ ነው።

"አያ አለበል፣ እውነት ወርቅ ሆነ?"

እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ባዜቃው ነው፣ በላው፣ እሳት አስተፋው፣ እናትህ የሉበትም፣ ልለው ነበር። ኢንስፔክተሩ አየኝ። ነገ ያለው ደርሶ ነበር፣ ቢሆንም ዝም አልኩ።

አባቴ ቀለበቱን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየው።

"ድሮም ወርቅ ነበር" አለው።

ወታደሮቹ ዳኛውን ይዘውት ወረዱ። እስከ ጉሙ ድረስ ወደ ኋላ እያየ ነው የሄደው፣ ወደ ቀለበቱ። ግራዝማች በነጭ ጥርሳቸው እንደተቀበሩ ናቸው፤ እሳቸውን እሳት አጠገብ የሚያወጣ የለም።

አሁን አባቴን ቡዳ የሚለው የለም። የሚሉት የባሰ ነው፤ ብርን ወርቅ ያደርጋል ይላሉ። ከወለቃና ከማክሰኝት ሳይቀር ማንኪያና የጣልያን ሳንቲም እየያዙ በራችን ላይ ይቆማሉ። አባቴ ዝም ይላል። እኔ ነኝ የማባርራቸው፤ ከመካከላቸው ግን ጥርሱ የሚያብረቀርቅ ሰው ስቆ ሲያየኝ፣ በሩን ዘግቼ ከነፋሱ ወዲህ እቆማለሁ።